የአሚዱ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ



ተጅዊድ የቀራ ሰው ጀዘሪ የሚለውን ስም ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የሙቀዲመቱል ጀዘሪያ ባለቤት ኢማም ኢብኑል ጀዘሪ ነው። እሳቸው በ833 ዓመተ ሂጅራ ያለፉ የቂራአት ሊቅ ናቸው፤ በየመድረሳው ስማቸው ይነሳል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ሌላ ጀዘሪ ነው። ከኢማሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ያለፈ፣ መዳብ ሲቀጠቅጥ፣ እንጨት ሲያጣብቅና ውሃ ሲለካ ዕድሜውን የፈጀ መሐንዲስ ነው። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከጀዚራ ምድር፣ ማለትም በዲጅላና በፉራት ወንዞች መካከል ካለው አገር ነው። የመጀመሪያውን ከኡስታዞቻችን አውቀነዋል። ሁለተኛው ግን መድረሳው ለዩኒቨርሲቲው፣ ዩኒቨርሲቲው ለመድረሳው የተዉት ይመስል በሁለቱም ቦታ ስሙ እምብዛም አይነሳም።

ሙሉ ስሙ በዲዑዝ ዘማን አቡል ዒዝ ኢብኑ ኢስማዒል ኢብኑር ረዛዝ አል-ጀዘሪ ይባላል። በዲዑዝ ዘማን የዘመኑ ድንቅ ማለት ሲሆን የማዕረግ ስም ነው። ረዛዝ ደግሞ የሩዝ ነጋዴ ማለት ነው። ስለ ሕይወቱ የምናውቀው በአብዛኛው ራሱ በኪታቡ መግቢያ ላይ ያሰፈረውን ነው። በ570 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 1174 ገደማ፣ ኡርቱቂዮች በሚባሉት የቱርክመን መሳፍንት ቤት በመሐንዲስነት ተቀጠረ። በመጀመሪያ ኑረዲን ሙሐመድን፣ ቀጥሎ ልጁን ቁጥበዲን ሱቅማንን፣ በመጨረሻም የሱቅማንን ወንድም ንጉሥ ሷሊህ ናሲረዲን ማሕሙድን አገለገለ። ዘመኑ የሰላሐዲን አል-አዩቢ ዘመን ነው። ዛሬ ዲያርባክር ተብላ በቱርክ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘውን አሚድን በ1183 ይዞ ለኑረዲን ሙሐመድ የሰጠው ራሱ ሰላሐዲን ነበር። በውጭ ጦር ሲመጣና ሲሄድ ጀዘሪ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ በሥራ ቤቱ ቆየ። ሃያ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ንጉሥ ማሕሙድ የደከመበት ሥራ አብሮት እንዳይጠፋ አስቦ ሁሉንም በአንድ ኪታብ እንዲጽፈው አዘዘው።

ኪታቡ ከሚታወቅባቸው ስሞች አንዱ አል-ጃሚዕ በይነል ዒልሚ ወል ዐመሊን ናፊዕ ፊ ሲናዐቲል ሒየል ነው። በመሣሪያ ጥበብ ረገድ ዒልምንና ጠቃሚ ዐመልን የሚያጣምር እንደማለት ነው። ዒልምና ዐመል የሚሉትን ሁለት ቃላት ተጣምረው በደርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ጀዘሪ ግን ቃሉን የወሰደው ለጌጥ አይደለም። በመግቢያው ላይ ከእሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ኪታቦች እንዳነበበ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ሠርተው ያላዩትን ነገር እንደጻፉ ይነግረናል። በተግባር ያልተፈተነ የእጅ ሥራ ዕውቀት በእውነትና በሐሰት መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል ብሎ ያምናል።

ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ላብ የገባ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በሲሙሌሽን ያለ እንከን የሠራ ሰርኪት ብሬድቦርድ ላይ ሲሰካ ይለግማል። አንድ ጊዜ የተጫነ በተን ሦስት ጊዜ ተጭኖ ይቆጠራል፤ ለምን ቢባል በውስጡ ያሉት ሁለት ብረቶች ሲጋጩ ለጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ይነጥራሉ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ደግሞ እያንዳንዷን ንጥረት ለማየት የሚበቃ ፍጥነት አለው። ምንም ያልተገናኘበት ፒን አንዴ ዜሮ አንዴ አንድ ያነባል፤ እጅ ሲጠጋው ጭራሽ ይብስበታል። ኮዱን መቶ ጊዜ ደጋግማችሁ ብታነቡት ስህተቱን አታገኙትም፤ እዚያ የለማ። ጀዘሪ ሃያ አምስት ዓመት የኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ፣ በወረቀቱና በብረቱ መካከል ነው። ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ የነበረው ውሃ፣ ገመድ፣ ኳስና ክብደት ነው። እንቆቅልሾቹ ግን የእኛው ናቸው።

ኪታቡ 50 መሣሪያዎችን በስድስት ክፍል ይተነትናል። አሥር ሰዓቶች፣ አሥር የግብዣ ዕቃዎች፣ አሥር ለውዱእና ለዋግምት የሚያገለግሉ ማንቆርቆሪያዎችና ሳህኖች፣ አሥር ፏፏቴዎችና በራሳቸው የሚያፏጩ ዋሽንቶች፣ አምስት ውሃ ማውጫዎች፣ በመጨረሻም አምስት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉበት። ከመጨረሻዎቹ መካከል የአሚድ ቤተ መንግሥት በርና በፊደላት ጥምረት ብቻ የሚከፈት ሣጥን ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሳልደብቅ የምናገረው አለ። የግብዣ ዕቃዎች ያልኳቸው የመጠጥ ግብዣ ዕቃዎች ናቸው። በአንዳንድ ጽሑፎቻችን ላይ ይህ ክፍል በዝምታ ሲታለፍ፣ ወይም ሸርበት መጠጫ ተደርጎ ሲቀርብ አያለሁ። ኸምር ሐራም መሆኑ የሚያከራክር አይደለም፤ ያ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። የሞተን ሰው ከነበረበት አንስቶ ያልነበረበት ቦታ ማቆም ግን ውለታ አይሆንም። ሌላም አለ፤ መሣሪያዎቹ በሰውና በእንስሳ ቅርጽ የተሞሉ ናቸው። ፊቅህ የቀሩ ወንድሞቼ ስለ ተስዊር ሑክም መጠየቃቸው አይቀርም፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ግን የዑለማዎች እንጂ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሥራ አይደለም።

ወደ ሰዓቶቹ እንምጣ፤ የሰውየው ትልቅነት የሚታየው እዚያ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ጠለቀችበት ያለው ጊዜ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ቀኑ ቢረዝምም ቢያጥርም 12 ሰዓት ነው፤ የሚለጠጠውና የሚጨማደደው ሰዓቱ ራሱ ነው። እኛም ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሕዝብ ስለሆንን ሐሳቡ አይከብደንም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ግን ችግሩ አይሰማንም፤ አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። አሚድ ላይ አጭሩ ቀን በዛሬው አለካክ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን ረጅሙ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ያች አንድ ሰዓት በብርድ ወራት 48 ደቂቃ ገደማ፣ በሙቀት ወራት 74 ደቂቃ ገደማ ትሆናለች። ጀዘሪ ይህን ተከትሎ በየቀኑ ፍጥነቱን የሚለውጥ የውሃ ሰዓት መሥራት ነበረበት።

የመጀመሪያው እንቅፋት ውሃው ራሱ ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው በርሜል ሲሞላ በኃይል ይፈስሳል፣ እየጎደለ ሲሄድ ይደክማል። ስለዚህ የጠዋቱ ሰዓት አጭር፣ የከሰዓቱ ረጅም ይሆናል። በባትሪ የሚሠራ ነገር የሞከረ ይህን ያውቀዋል፤ ባትሪው ሲደክም ሞተሩም ይደክማል፣ የሴንሰሩም ንባብ ይዛባል። እኛ በመካከል የቮልቴጅ ሬጉሌተር እናስገባለን። ጀዘሪም በትልቁ ታንከርና በመውጫው መካከል ትንሽ ክፍል አስገባ። በክፍሏ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ በተንሳፋፊው አናት ላይ ደግሞ ሾጣጣ ውታፍ። ውሃው ከፍ ሲል ውታፉ የመግቢያውን አፍ ይዘጋል፣ ዝቅ ሲል ይከፍተዋል። በዚህ ምክንያት በትንሿ ክፍል ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ከታንከሩ ጋር አይዋዥቅም። ይህን አሠራር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የዶርማችሁን ሮቶ ክዳን ከፍታችሁ ተንሳፋፊዋን ኳስ ተመልከቱ።

ሁለተኛው እንቅፋት ይከብዳል። ፍሰቱ ቋሚ ከሆነ በኋላ በየቀኑ በጥቂቱ መለወጥ አለበት። የቀደሙት ሰዎች መፍትሔ የውሃ መውጫዋን ቀዳዳ በግማሽ ክብ ላይ ማዞር ነበር። ቀዳዳዋ ዝቅ ስትል በላይዋ ያለው ውሃ ስለሚበዛ ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ከፍ ስትል ይዘገያል። ግማሽ ክቡ ፀሐይ በዓመት ውስጥ በምታልፍባቸው ቡርጆች ተከፋፍሏል፤ የሰዓቱ ጠባቂ በየቀኑ መውጫዋን በዕለቱ ምልክት ላይ ያቆማል። (የፀሐይን ቦታ ማወቅና ኮከብ ቆጠራ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ እንደማይስተው አምናለሁ።) ይህ አሠራር የአርኪሜድስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር የሚጠራጠረው አልነበረም። ጀዘሪ ሠራው፣ ለካው፣ ስህተት ሆኖ አገኘው። ሌላም ዓይነት ሞከረ፤ ያም አልሆነም።

ችግሩ የት ላይ ነበር? ክፍፍሉ እኩል መሆኑ ላይ ነው። ከፍታውን እጥፍ ብናደርግ ፍሰቱ እጥፍ አይሆንም፤ ፍሰቱ እጥፍ የሚሆነው ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን ነው። ይህን ሕግ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ያሳተመው ከጀዘሪ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1640ዎቹ ነው። ጀዘሪ ቀመሩ አልነበረውም። ታዲያ ምን አደረገ? ቀዳዳዋን እያንቀሳቀሰ ውሃውን እየለካ፣ ትክክለኛው ቦታ የቱ እንደሆነ በሙከራ እያገኘ ምልክቶቹን እኩል ባልሆነ ርቀት አሰፈራቸው። በቴርሚስተር ሙቀት የለካ ተማሪ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የቴርሚስተሩ ሬዚስታንስ ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ መስመር አይሄድም። በበረዶ ውሃ፣ በለብታና በፈላ ውሃ ለክቶ ሰንጠረዥ ማዘጋጀትና ሰንጠረዡን ኮዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የጀዘሪ ግማሽ ክብ በመዳብ ላይ የተጻፈ ሰንጠረዥ ነው። ለእኔ ከዝሆኑም ከጣዎሱም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ የአርኪሜድስን ስም አክብሮ፣ የአርኪሜድስን ቁጥር ግን ሳይለካ አልተቀበለም።

የዝሆኑ ሰዓት የታወቀው ሥራው ነውና እሱን ሳላነሳ አላልፍም። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ሥሯ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን ትንሳፈፋለች። በቀዳዳዋ ውሃ እየገባባት በትክክል በግማሽ ሰዓት ሞልታ ትሰጥማለች። ስትሰጥም የምትስበው ገመድ ከላይ አንዲት ኳስ ይለቃል፣ አንዲት ብቻ። ኳሷ በጭልፊት አፍ በኩል ወደ እባብ አፍ ትወድቃለች። እባቡ በኳሷ ክብደት ወደ ታች ሲያዘነብል የሰጠመችውን ሳህን በሰንሰለት ጎትቶ ያወጣታል፣ ውሃዋንም ይደፋል። ኳሷ ከእባቡ አፍ ስትወጣ እባቡ ቀልሎት ይመለሳል፣ የዝሆኑ ነጂ ይመታል፣ ሳህኗም ባዶ ሆና እንደገና መሙላት ትጀምራለች። ታይመሩ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ በፈጠረው ክስተት ራሱን ሪሴት አደረገ ማለት ነው። ሉፕ ነው። ኃይሉ ከየት መጣ ካላችሁ ከኳሶቹ ነው፤ ጠዋት ኳሶቹን ወደ ላይ የሚመልሳቸው ሰው ባትሪውን ቻርጅ እያደረገ ነው። አንዲት ብቻ ያልኩት ደግሞ ሳላስበው አይደለም። ሁለት ኳሶች አብረው ቢወርዱ አንድ ግማሽ ሰዓት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ የበተኑን ንጥረት አስታውሱ።

ቀዳሚዎቹን የሚያርመው በአክብሮት ነው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ስለ መሣሪያዎች ኪታብ የጻፉት ሦስቱ ወንድማማቾች፣ በኑ ሙሳ፣ ቅርጹን የሚቀያይር ፏፏቴ ሠርተው ነበር። ጀዘሪ ስማቸውን በዱዓ እያነሳ መንገዳቸውን ግን እንዳልተከተለ ይናገራል። የእነሱ ፏፏቴ በንፋስ ወይም በውሃ የሚዞር መዘውር በዞረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ለውጡ ለዓይን ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ አያገኝም። ፍሬሽ ተማሪ መጀመሪያ ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም እንዲል ኮድ ሲጽፍ ዲሌዩን ቢረሳው የሚሆነው ይኸው ነው፤ መብራቱ እየበራና እየጠፋ ነው፣ ለዓይን ግን ደብዘዝ ብሎ የበራ ይመስላል። ጀዘሪ ቀስ እያለ የሚሞላና ሲሞላ ተገልብጦ የሚደፋ ባልዲ አስገባ፤ ዲሌዩን ጨመረ።

ንጉሥ ማሕሙድ ለውዱእ እጁ ላይ አገልጋይ ወይም ገረድ ውሃ እንድታፈስለት አይወድም ነበር፤ መሣሪያ እንዲሠራለት ጀዘሪን ጠየቀው። ከውዱእና ከእጅ መታጠቢያ ዕቃዎቹ መካከል የጣዎሱ ሳህን ይገርማል። ውሃ ከጣዎሱ አፍ ይወርዳል፤ የታጠበበት ውሃ ከሥር እየተጠራቀመ ተንሳፋፊውን ያነሳዋል፤ ተንሳፋፊው የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ ትንሽ በር ተከፍቶ የአገልጋይ ምስል የእጅ መታጠቢያ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ሁለተኛው ፎጣ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው ሰውየው የት እንደደረሰ የሚያውቀው ከፈሰሰው ውሃ ነው። ዛሬ በየኤርፖርቱ የምናየው እጅ ሲጠጋው የሚፈስስ ቧንቧ ይህን ያህል አያስብም፤ እጅ መኖሩን እንጂ ታጥቦ መጨረሱን አያውቅም።

በዩቲዩብና በቴሌግራም ጀዘሪ የዓለም የመጀመሪያው ሮቦት ፈጣሪ፣ የመጀመሪያው ፕሮግራመር እየተባለ ይቀርባል። ለዚህ የሚጠቀሰው በኩሬ ላይ ተንሳፍፋ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ የምታዜመዋ ጀልባ ናት። በጀልባዋ ውስጥ ካስማ የተተከለበት ዘንግ ሲዞር ካስማዎቹ ማንሻዎችን እየነኩ የሙዚቀኞቹን እጅ ያንቀሳቅሳሉ። ካስማዎቹን ነቅሎ ሌላ ቦታ በመትከል ምቱን መለወጥ ይቻላል የሚለው የዘመናችን ተመራማሪዎች ንባብ ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ደስ የሚልም ነው። ግን እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ሁሉን ነገር ቀድመን ሠርተን ነበር የሚለውን ጨዋታ ስንወድ ሰውየው ራሱ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበር እንረሳለን። ከግሪኮችም ከበኑ ሙሳም የወሰደውን አልደበቀም፤ ያልሠራውንም ሠርቻለሁ አላለም። እሱን እያወደስን ከእሱ ልማድ መውጣት ያስተዛዝባል።

ደግሞ ያለ ማጋነን የሚያኮራ ሥራ ሞልቶለታል። ከውሃ ማውጫዎቹ አምስተኛው ሁለት የመዳብ ሲሊንደሮች ፊት ለፊት ተጋድመው አንዱ ሲስብ ሌላው የሚገፋበት ፓምፕ ነው። የሚነዳው በወራጅ ውሃ መዘውር ሲሆን የመምጠጫ ቱቦዎችና ውሃውን ወደ ኋላ የማይመልሱ ቫልቮች አሉት። የሥራ ቤቱ ዘዴዎች ደግሞ ከመሣሪያዎቹ አያንሱም። ቅርጹን አስቀድሞ በወረቀት ይሞክራል። እንጨት እንዳይጣመምበት ስስ ስስ አድርጎ ደራርቦ ያጣብቃል። መዘውሩ ወደ አንድ ጎን እንዳያጋድል ክብደቱን ያመጣጥናል። ቫልቭ እንዳያፈስ ውታፉን ከአፉ ጋር በሚፍቅ ዱቄት እያሸ ያጣጥማል። ይህን ሁሉ ሌላ ባለሙያ ደግሞ እንዲሠራው በማሰብ ከሥዕሎች ጋር በፊደል ምልክት እያደረገ ጻፈው። ኮዱን ያለ ማብራሪያ ጥሎ ከሚሄድ የግሩፕ ፕሮጀክት ጓደኛ ጋር አወዳድሩት።

ኪታቡ በ602 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 1206 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ሙሐመድ ኢብኑ ዩሱፍ ኢብኑ ዑስማን አል-ሐስከፊ የተባለ ገልባጭ የጻፈው ቅጂ ዛሬ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ አለ። ይህ ሰው ሲገለብጥ ደራሲው አልፎ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ንጉሡ የፈራው ነገር በደረሰበት ሰዓት ሥራው ተጽፎ አልቆ ነበር ማለት ነው። በኋላ ዘመን ከተገለበጡት ቅጂዎች የአንዳንዶቹ ሥዕሎች ገጽ በገጽ ተቆርጠው ተበታትነዋል፤ ዛሬ ኒው ዮርክና ቦስተን ሙዚየሞች ውስጥ ለብቻቸው ይገኛሉ። ዱባይ የሄደ ዘመድ ያለው ደግሞ በኢብን ባጡጣ ሞል የቆመውን የዝሆኑን ሰዓት አምሳያ ፎቶ አንስቶ እንዲልክለት መጠየቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኪታቡን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በለንደን የእስልምና ዓለም ፌስቲቫል ሲከበር፣ የከተማዋ ሳይንስ ሙዚየም የመጀመሪያውን ትልቁን የውሃ ሰዓት በኪታቡ መመሪያ መሠረት አሠራው። ውሃ ሞሉበት፤ ሠራ።